በሞያሌ በኩል

ባለፈው ሰኞ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ለሚኖሩ ደንበኛችን መጋረጃ ላደርስ ሄጄ ነበር። ሻንጣቸው በሩ ሥር ቆሟል። «ነገ አዲስ አበባ ልሄድ ነው» አሉኝ፤ «በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት እኮ ነው። ቁርሴን እዚህ በልቼ ምሳ እናቴ ቤት ነኝ።»

«አዎ፣ ቅርብ ነው» አልኩ መጋረጃውን እየሰቀልኩ።

ያን ሁለት ሰዓት እኔም አንድ ጊዜ ፈልጌው ነበር። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ኢስሊ ሰፈር፣ በእናቴ ወንድም በአጎቴ ኑሩ ሱቅ ጨርቅ እሸጣለሁ። ናይሮቢ ፀሐይ የማታይበት የሐምሌ ብርድ ነው። እህቴ ዘሃራ ከአዲስ አበባ ደወለች፤ የሱቁን ስልክ ያነሳው አጎቴ ነበር። ሲጨርስ «እናትህን ትንሽ አሟታል። እንሄዳለን» አለኝ።

«በአውሮፕላን ከሆነ ዛሬውኑ እንደርሳለን።»

«በመንገድ ይሻላል» አለ፣ ፊቱን ወደ ጨርቁ መልሶ።

አጎቴን ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በማግስቱ ገና በጠዋት የሞያሌ አውቶቡስ ተሳፈርን። ኢሲዮሎ ላይ የፍየል ጥብስና ቻፓቲ አዘዘና ያጎርሰኝ ጀመር። ቆጣቢ ሰው ስለሆነ ደግነቱ ግራ አጋባኝ። ለዘሃራ ደወልኩ።

«አለች፤ ስምህን እየጠራች ነው። ብቻ ቶሎ ና» አለችኝ።

ይህን ስነግረው አጎቴ በመስኮቱ እያየ «እህትህ ጠንካራ ልጅ ናት» አለ። ከማርሳቢት ወዲያ ሜዳው ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። እስኪመሽ እሱኑ አየሁ።

ሞያሌ አደርን። ጎህ ሲቀድ የአጎቴ ወዳጆች የሆኑ ነጋዴዎች ከሶላት መልስ ገብተው ዙሪያዬን ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «አይዞህ ልጄ፤ እናትህ ወደ አላህ ሄዳለች» አሉኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ ላለ ሰው የታመመም የሞተም «ትንሽ አሞታል» ነው የሚባለው። አጎቴ ያን ቃል ከዘሃራ ሲሰማ እህቱ እንደተቀበረች ቆጠረ። በመንገድ ያመጣኝ፣ ሰው መሀል ሆኜ እንዳለቅስ ብሎ ነው።

ስልኬን ዘጋሁት። ከእንግዲህ ለማን ልደውል? ለቅሶ ደራሹ ስለበዛ ያን ቀንም እዚያው ውለን አደርን። ሻይ በወተት እያመጡ «ጠጣ፣ ጉሮሮህን አርጥብ» ይሉኛል። የሚያስቸኩለን ነገር አልነበረም።

አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ስንገባ ወጣቶች ድንኳን እየተከሉ ነበር። አጎቴ ቆመ።

«አሁን ነው እንዴ የሚተክሉት?» አለ ቀስ ብሎ።

ዘሃራ ከቤት ወጣች። «ስልክህን ለምን ዘጋኸው?» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት አረፈች። አሁን ቀብረዋት ተመለሱ። ትናንት ሙሉ ቀን ‹የት ደረሱ?› ስትል ነበር።»

አጎቴ አጥሩን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሞያሌ ላይ ስናለቅስላት እናቴ በር በሩን እያየች ነበር።

አሁን አጎቴ አርጅቷል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሱቁ ሲመጣ በአውሮፕላን እንዲሄድ ይለምነዋል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። እኔ አልወቅሰውም፤ ይህም የሚያሳርፈው አልሆነም።

ከጊጊሪ ስመለስ ዘሃራ ደወለች። «ሁላችንም ደህና ነን» አለች። ከቃሏ ይልቅ አተነፋፈሷን፣ ከጀርባዋ የሚሰማውን ድምፅ አዳመጥኩ። ሁልጊዜ እንዲያ ነው የማደርገው። ምንም አይለይልኝም።