ሙሽራዋን ጋቢና ያስቀመጥኩ ቀን

በጭሮ ከተማ መኪና የሚያዞረው ሰው ከመሳፈሩ በፊት መላ ፍለጋ እኔ ዘንድ ጎራ ይላል። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ሆኖም በመንገድ ማስመለስ ጉዳይ በምዕራብ ሐረርጌ የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ይህን የማወራህ ትናንት አንድ የሙሽራ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በደጄ ሲያልፍ የቤንዚንና የሽቶ ሽታ ተቀላቅሎ ስለደረሰኝ ነው። በዚያ ሽታ ገለምሶ፣ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ተመልሼ ቆምኩ።

የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ታናሽ እህቴ ለጭሮ ሰው ተድራ የምትሄድበት ቀን ነበር። ችግሩ መኪና ነው። እህቴ ገና ሞተር ሲነሳ ስትሰማ ምራቋ አፏን ይሞላው ነበር፤ በዴሳ ሳትደርስ የበላችው ሁሉ ይወጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ልብሱን አጥቦ ይረሳዋል። ሙሽራ ግን እንዲያ አይደለችም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዲት ሙሽራ በአማቷ ደጅ አስመልሷት፣ የሠፈሩ ሴቶች ጣታቸውን እያጠፉ ወር ቆጥረውባታል። ልጅ የወለደችው በሁለተኛው ዓመት ቢሆንም ስሟ ሳይጸዳ ቀረ።

ሌላው ሰው ጨው ያስልሳል፣ ሆድ በመቀነት ያስራል። እኔ ግን ራሴን አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ ሹፌርን ለምን አያስመልሰውም? በየገበያው ቀን እየተሳፈርኩ መረመርኩት። ከኋላ፣ ወደ ጎን በሚያስቀምጠው አግዳሚ ላይ ስሆን አዞረኝ። ጋቢና ሆኜ መንገድ መንገዱን ሳይ ደህና ሆንኩ። የሹፌር ዓይን መታጠፊያውን ከሆዱ ቀድሞ ያውቀዋል። ይህን ማንም አልነገረኝም።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሙሽራ ተሸፍና፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከኋላ በሴቶች መሃል ነው የምትሄደው። ለማስመለስ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የለም።

በዚያን ጠዋት አክስታችን ቅቤ የዋኘበት ገንፎ ይዛ መጣች። ለእህቴ ደረቅ ቂጣ ቆርሼ ሰጠኋትና ገንፎውን እንዳይባክን ራሴ በላሁት። ከዚያ ሙሽራዋ ጋቢና እንደምትቀመጥ ተናገርኩ።

«ከሹፌር አጠገብ? ፊቷን ገልጣ?» አለች አክስታችን። «ሰው ምን ይለናል?»

«ቢያስመልሳትስ ምን ይለናል?»

በዚያች በባለፈው ዓመት ሙሽራ ላይ ወር ከቆጠሩት አንዷ እሷ ነበረች። «እንግዲያው መሃል የምቀመጠው እኔ ነኝ» አለች።

ሹፌሩ መስታወቱን እየወለወለ፣ «ይሁን እናቴ፤ ብቻ ዱዓ ሲያደርጉ ማርሼን እንዳይዙብኝ» አላት።

ቢስሚላህ ብለን ተነሳን። እህቴ በመስኮቱ በኩል፣ ሎሚ በእጇ ይዛ፤ እኔ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተጣምሜ፣ በትንሿ መስኮት አንገቴን ወደ ጋቢናው አስገብቼ። «ሩቅ እዪ፣ ያንን ጋራ እዪ» እላታለሁ። «አሁን ወደ ቀኝ ነው። አሁን ወደ ግራ።» ሹፌሩን እንቁላል የጫነ መስሎ እንዲነዳ አዘዝኩት። «እንቁላል ጭኜም እንዲህ ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም» አለኝ። በተከፈተው መስኮት ዝናብ የነካው የቡና ቅጠል ሽታ ይገባል፤ የጠዋት ፀሐይ በጫቱ እርከን ላይ እየወረደች ነበር።

በዴሳን አለፍን። እህቴ ወደ ውጭ እያየች፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ተራራ እዚህ ነበር እንዴ?» አለችኝ። በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሳለች፤ የምታውቀው ግን የመኪናውን ወለል ብቻ ነበር። ከዚያ ሳቀች። አክስታችን ቆነጠጠቻት፤ «ሙሽራ አትስቅም።» ልጅቷ ግን እስከ ጭሮ መግቢያ ሳቋን አላቆመችም። እዚያ ስንደርስ ፊቷን ሸፈንናት።

አማቷ ደጅ ላይ ተቀበለቻት፤ ሻሹን ገልጣ ጉንጯን ሳመች፤ የሎሚ ሽታ እንጂ ሌላ አላገኘችም። በዚያው ቅጽበት ከመኪናው ኋላ የማስመለስ ድምፅ ተሰማ።

«ማነው እሱ?» አለች አማት።

«የሙሽራዋ ሐኪም ነው» አለች አክስታችን።

እኔ ነበርኩ። ገንፎውና አግዳሚው ተባብረውብኝ ነው። ደግነቱ በእኔ ላይ ወር የሚቆጥር አልነበረም። ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ ሙሽራዋም ከሻሹ ሥር ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

እኔም ቆይቼ ጭሮ ገባሁ። እሷ ያን ጊዜ ከባሏ ጋር ድሬዳዋ ወርዳ ነበር፤ ከዚያም የባሰ ሩቅ ሄደች። ዛሬም የመስኮት ወንበር ካላገኘች አትሳፈርም አሉ።

እንግዲህ የሠራሁትን ቁጠርልኝ። የሹፌርን ምስጢር ያለ መምህር አወቅሁ። ልማድ ጥሼ ሙሽራ ጋቢና አስቀመጥኩ፤ አክስቴንም አሳመንኩ። አንድም ጠብታ ሳይነካት ከገለምሶ ጭሮ አደረስኳት። እስከ ሚኤሶ ድረስ ስንቱን ሰው መንገድ አስለመድኩ። እህቴንም ከመንገድ ጋር አስታረቅኋት፤ አሁን እኔ ዘንድ የምትመጣው ለዒድ ብቻ ነው፣ እሱም ሲመቻት።