ቆስሎ ማሽላችን ውስጥ የገባው አንበሳ

ይህ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ባለው ቆላ ነው። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሳይቀሩ ትዳር ይዘዋል፤ ብዙ ነገር ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ያ ረፋድ ግን አልጠፋም። እኔ እየነገርኳት የምትጽፍልኝ ልጄ ናት።

የባሌ አባት፣ አባባ ይማም፣ ማሳቸው ከሮቢ ወንዝ ዳር ነበር። ከማሳው በታች ባለው ጥሻ ውስጥ አንድ አንበሳ ይኖራል። አባባ "ጎረቤት" ነበር የሚሉት። ፀሐይ ሳትወጣ ውኃ አንወርድም፤ ከብቱ ሳይመሽ ይገባል፤ ከጥሻው ማንም እንጨት አይለቅምም። እሱ ደግሞ ማሽላችንን የሚያጠፋውን ከርከሮ እያደነ ይበላል። አልፎ አልፎ ጥጃ ሲወስድብን አባባ፣ "ምን ይደረግ፣ ሪዝቁ፣ አላህ የሰጠው ቀለቡ ሆኖ ነው" ብለው ያልፉታል። ሰው ነክቶ አያውቅም።

ጣሊያን እንደገባ መሣሪያ አስፈታ። ጠመንጃ ደብቆ የተገኘ ይሰቀላል ተብሎ ገበያ ላይ ተለፈፈ። ወሬ ብቻ አልነበረም፤ የተሰቀለ ሰው በዐይናችን አይተናል። ባሌ ሰይድ ከደብረ ሲና ለሚወርደው መንገድ ድንጋይ እንዲፈልጥ ተወስዶ ስለነበር፣ ቤት የቀረነው እኔና አባባ ብቻ ነን።

የመንገዱን ሥራ የሚያዝ አንድ ካፒቴን የአንበሳውን ወሬ ሰማ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመንደሩን ሰው አስገድዶ፣ ጣሳ እያስመታ ጥሻውን አስከበበ። አንበሳው ሲወጣ ተኩሶ ታፋውን መታው። አንበሳው እግሩን እየጎተተ ወንዙን ተሻገረና ጠፋ። ካፒቴኑም ነገ እከተለዋለሁ ብሎ ወደ ሰፈሩ ሄደ።

አባባ ያን ቀን እራት አልቀመሱም። "አቁስሎ የሚተወው ለማን ብሎ ነው?" አሉ። "ከእንግዲህ ጉርብትናችን አለቀ።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ ማማው ላይ ወጣሁ። ማሽላው ደርሶ ስለነበር አንድ ቀን ካልተጠበቀ ወፍ ይጨርሰዋል። አንበሳው ወንዙን ተሻግሯል ብለን ልባችን አርፏል። ወንጭፌን ይዤ ወፎቹን አባርራለሁ። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ግን በማሳው መሐል አንድ ቦታ ወፍ የሚባል አያርፍበትም። ነፋስ ሳይኖር አገዳው ተነቃነቀ። መነቃነቁም እየቀረበኝ መጣ።

አንበሳው ከአገዳው ወጥቶ ማማዬ ሥር ጥላው ውስጥ ተጋደመ። ታፋው አብጦ ዝንብ ወሮታል። የቁስሉ ሽታ እላይ ድረስ ይመጣል። ሲተነፍስ እንደ ሰው ያቃስታል። ማማው ከፍ ያለ አይደለም፤ ቆሞ ቢዘረጋ ይደርስብኛል። ትንፋሼን ይዤ ቁጭ አልኩ።

በዚህ መሐል አባባ ቁርሴን ይዘው በማሳው ጫፍ ሲመጡ አየኋቸው። በዱላ ብቻ ነው የመጡት። ብጮህ ይነሳል፤ ዝም ብል ቀጥ ብለው አፉ ውስጥ ይገባሉ። ወንጭፌ ላይ ጠጠር አደረግሁና ወደ እሳቸው ወነጨፍኩ። እግራቸው ሥር አረፈ። ቆም ብለው አዩኝ። በጣቴ ወደ ታች አሳየኋቸው።

ወደ ኋላቸው ተመለሱ። ሰው ሊጠሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከማሳው ዳር ወዳለው የድንጋይ ክምር ሄደው ድንጋዩን አንድ በአንድ ያነሱ ጀመር። ከሥሩ በቆዳ የተጠቀለለ ውጅግራ አወጡ። ጠመንጃ እንዳላቸው እኔም ባሌም አናውቅም ነበር።

አንበሳው የድንጋዩን ኮሽታ ሲሰማ ተነሳ። ቀና ሲል እኔን አየኝና የማማውን ቋሚ በእጁ መታው። ርብራቡ ተንጋደደ። አንድ እግሬ ወደ ታች ሾለከ።

"ጎረቤት!" አሉ አባባ። "ወደኔ ና።"

ዞረና ሄደባቸው። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው። አባባ እስኪቀርባቸው ጠብቀው ተኮሱ። አንበሳው ደረቱን ተመትቶ ሊደርስባቸው ጥቂት ሲቀረው ወደቀ።

 የተኩሱ ድምፅ ወንዙን ይዞ አስተጋባ። አባባ ጠመንጃውን በጥድፊያ መልሰው ቀበሩ። ከማማው ወርጄ አጠገባቸው ሳልደርስ አንድ አስካሪ፣ ጣሊያን ያስታጠቀው የሐበሻ ወታደር፣ እየሮጠ መጣ። ለካ ከካፒቴኑ ጋር ሆነው የአንበሳውን ደም እየተከተሉ ነበር።

"ማን ተኮሰ?" አለ። አማርኛው የትግርኛ ቃና አለው።

መልስ ሳይጠብቅ ወደ አንበሳው ሄደ። የታፋውን ቁስል አየ፤ የደረቱንም ትኩስ ደም አየ። ጎንበስ ብሎ ከሣሩ ውስጥ ቀለሃውን አነሳ።  አባባ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ሞት የቀረበው ሰው የሚለውን ሸሃዳ እያሉ ነበር።

አስካሪው ቀለሃውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ የራሱን ጠመንጃ አነጣጥሮ የሞተውን አንበሳ ደረቱ ላይ ተኮሰው።

"ሁለቱንም የተኮስኩት እኔ ነኝ፣ አቦይ" አለ ቀስ ብሎ። "ድንጋዩንም ያስተካክሉት። እርጥቡ ጎን ወደ ላይ ሆኗል።"

አባባ ድንጋዩን ገልብጠው እንደጨረሱ ካፒቴኑ ደረሰ። አስካሪው በጣሊያንኛ አንድ ነገር ነገረው። ካፒቴኑ ፊቱ ቀላ። የኔን አንበሳ ለምን ነካህ ብሎ መሆኑ ገባን፤ አስካሪውን እኛ እያየን ፊቱን በአለንጋ ገረፈው። አስካሪው እጁን እንኳ አላነሳም። ካፒቴኑ ከዚያ እግሩን አንበሳው ላይ አድርጎ ፎቶግራፍ ተነሳ። ቆዳውን አስገፍፎ ሄደ።

ሰይድ በሰላም ተመለሰ፤ አባባም ጣሊያን ሲወጣ አይተው በአልጋቸው ላይ ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ጥሻው ተመንጥሮ እርሻ ሆነ። ከአንበሳ ጋር መኖር ይቻላል ወይ ስባል፣ እኛ ኖረናል እላለሁ። ያንን ረፋድ እንኳ አስቤው እንስሳውን መጥላት አልሆነልኝም፤ ማቃሰቱን ሰምቻለሁና።

የአስካሪውን ስም አልጠየቅንም፤ መጠየቂያ ጊዜም አልነበረም። በሕይወት ይኑር ይሙት አላውቅም። ዱአ ሳደርግ "ያን አለንጋ የበላልንን ሰው" ብዬ ነው የማነሳው። አላህ ማን እንደሆነ ያውቀዋል።