አጎቴ አንቱ ያላት ባዝራ

ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ ልጨርስ! «ፈረስ ደግሞ የመሬት ሆድ ታያለች?» ብላችሁ ሳቃችሁ። ሳቁ። ባላይ ኖሮ እኔም እስቅ ነበር። ግን የፈረስ ነገር ለእኔ አይወራም፤ አራተኛ ክፍል ላይ ደብተር የጣልኩት ጋሪ ልነዳ ነው፣ አዳማ ውስጥ ደግሞ የሚቀድመኝ አልነበረም።

ደርግ ጊዜ ነው፣ በልግ ገብቷል፣ ዝናቡ ለጉድ ነው። አጎቴ ከመልካሳ ወዲህ ጓሮ ነበረው፤ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጥቂት ፓፓያ። የእኔ ስራ ከበረት ፍግ በጋሪ እያመላለስኩ መደቡ ላይ መበተን ነው። ጋሪውን የምትጎትተው አሮጊት ባዝራ ናት። ያረጀ የጋሪ ፈረስ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፤ አስፋልት ዳር ይለቀቃል፣ ከዚያ ወይ መኪና ወይ ጅብ። አጎቴም ቆርጧል።

«ይቺ ዛሬ ፍጉን ካላስገባች፣ ነገ አስፋልት ላይ ናት!»

«ጋሼ፣ እኔ ይዣት እምቢ ያለች ፈረስ የለችም።»

«እምቢ ካለችስ?»

«እኔ ራሴ እጎትተዋለሁ!»

አፌ ነው እንግዲህ።

ሽንኩርቱ ጫፍ ድረስ ደህና መጣች። እዚያ ስትደርስ ቀጥ! ልጓሟን ሳብኩ፣ ለመንኳት፣ ሰደብኳት። በኦሮምኛም «ኮቱ፣ ኮቱ» አልኳት፣ ነይ ማለት ነው። ሁለት ቋንቋ ታውቃለች፣ በሁለቱም እምቢ አለች። አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፍታ ትንቀጠቀጣለች።

አጎቴ በሳቅ ሞተ። «በል ጓድ ፈረስ፣ ተጠመድ!»

ፈታኋት። የጋሪውን እንጨት ትከሻዬ ላይ አድርጌ አንድ እግሬን ሳነሳ፣ ባዝራዋ ከጎኔ የጃኬቴን እጅጌ በጥርሷ ያዘች። ልሰድባት ዞርኩ። ያኔ ከፊቴ ያለው የሽንኩርት መደብ ቁጭ አለ። ድምፅ የለው፣ ምን የለው። ቀጥሎ ያለውም ቁጭ። ከዚያ መሬቱ ከአጥር እስከ አጥር እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተረተረ። እንጨቱን ጥዬ ዘለልኩ፤ ጋሪው ከነፍጉ ተደፍቶ ገባ። ሲወድቅ እንኳ አልሰማንም። ከውስጥ ብቻ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ወጣ፣ እርጥብ አፈር አፈር የሚል።

እኛ አገር ዝናብ ሲበዛ መሬት እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። እሷ ግን ቀድማ እንዴት አወቀች? እስከ ዛሬ ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል።

አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ባዝራዋ ሄደ። አንገቷን እየዳሰሰ፣ «ይቅር ይበሉኝ እመቤቴ» አላት። ፈረሷን! አስፋልት የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም፤ እስክትሞት እዚያው ጓሮ ኖረች። የተረፈውን ቃሪያ ስትግጥ እንኳ «ኧረ ይሄን ይተዉልኝ» እያለ ነበር የሚለምናት።

አሁንም ትስቃላችሁ? ከአዳማ እስከ ሁሩታ በዚያ መንገድ ጋሪ የነዳ ሰው ያዙና «አንቱ የምትባለው ባዝራ ግቢ የቱ ነበር?» በሉት። ጉድጓዱን በጣቱ ካላሳያችሁ፣ ኑና እኔን ጋሪ ላይ ጥመዱኝ።