ምሳ በአትራክታ ቤት

አትራክታ ጊልሬን ለወንድሟ ለማላኪ ምሳ መሥራት የጀመረችው እናታቸው የተቀበረች ዕለት ነው። ሥሪ ያላት ሰው የለም። ከቀብር ሲመለሱ ማላኪ ባርኔጣውን ሰቀለና ማዕድ ቤት ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ምድጃውን አየ። እሷም ኮቷን ሳታወልቅ ድንች ማጠብ ጀመረች። ነገሩ በዚያው ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ግጦሻችን አጥር ለአጥር ስለሆነ ሁለቱንም በደንብ አውቃቸዋለሁ። የአውራጃችን የሌትሪም መሬት ውሃ ያዘለ ነው፤ ከሣር፣ ከድንችና ከጎመን ሌላ ብዙ ነገር አይወድም፤ የአትራክታም ምግብ ከዚያ ርቆ አይሄድም። አብዛኛውን ቀን በጨው የተቀመጠ የአሳማ ሥጋ ትቀቅልና ጎመኑን በዚያው ውሃ ታበስለዋለች። ዓርብ ሥጋ አይበላምና ዓሣ ነው፤ ዓሣ ከጠፋ እንቁላል። ቅዳሜ የበግ ሥጋ ከድንችና ከሽንኩርት ጋር ቀስ እያለ ሲንተከተክ ያረፍድና ሽታው እኛ ሜዳ ድረስ ይመጣል። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በኩል ያለውን አጥር የሚጠግንበት ምክንያት አያጣም ነበር። ካሮት አታስገባም። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ብጠይቃት፣ «ጣፋጭ ያማረው ኬክ ይብላ» አለችኝ።

ማላኪ ይበላል፣ ሹካውን የድንቹ ልጣጭ ላይ ያስቀምጣል፣ ይወጣል። ጣፈጠ ወይም አልጣፈጠም ብሎ አያውቅም። አንድ ቀን የደብራችን ቄስ አባ ኮንሲዳይን እነሱ ቤት ምሳ በልተው፣ «አትራክታ፣ እጅሽ ይባረክ» ሲሏት ማላኪ ቀና ብሎ እጇን አየ። እጇ የተጎዳ መስሎት ነበር።

ዩናን ሻርኪ ደግሞ የዳቦ መኪና ነጂ ነበር። የከተማውን ዳቦ ተቆራርጦ እንደታሸገ እየጫነ በየመንደሩ ይሸጣል። አትራክታ ከሱ ገዝታ አታውቅም፤ ዳቦዋን በአሬራና በሶዳ ራሷ አቡክታ፣ አናቱ ላይ መስቀል ሰንጥቃበት ትጋግራለች። ቢሆንም ዩናን ማክሰኞ ማክሰኞ ደጇ ላይ ይቆማል።

«ዛሬስ ዳቦ አይፈልጉም?»

«አልፈልግም፤ ይግቡ።»

ይገባና የሷን ዳቦ፣ ወፍራሙን ቁራጭ፣ ቅቤ ተቀብቶለት ቆሞ ይበላል። በሥራ ሰዓት መቀመጥ ለአሠሪዎቹ ታማኝ አለመሆን ይመስለው ነበር። ይህ ስንት ዓመት እንደቆየ የቆጠረ ሰው የለም። በአንድ የጥር ማክሰኞ ግን ደጁ ላይ ቆመና፣ «ዛሬስ ዳቦ አትፈልጊም?» አለ።

«ማንን ነው አንቺ የምትለው?» አለች አትራክታ።

«አንቺን ነዋ። ቤት አለኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ባዶ ነው። ጣሪያው አያፈስም።»

«ምድጃውስ?»

«አይጨስም።»

«መጥቼ ልየው» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዩናን ቤት በብስክሌት ሄደች። ምድጃውን ከፍታ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፣ ሙቀቱን ለካች፣ በሩን ዘጋችና «እሺ» አለችው። እኔ የሰማሁት የጋብቻ ቃል ይኸው ነው፤ ሌላ ከነበረ አልነገረችኝም።

ለማላኪ ምሳ ላይ ነገረችው።

«ላገባ ነው።»

«ማንን?»

«ዩናን ሻርኪን።»

ማላኪ ድንቹን መላጡን አላቆመም። «ዳቦውን አትወጂውም እኮ» አለ።

«የማገባው ዳቦውን አይደለም።»

ሥጋውን ጨረሰ፣ ጎመኑን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባው። «ምሳውስ?»

«እጅ የለህም?»

«አለኝ፤ ለላም ነው።»

በቅበላ ሰሞን፣ ጾሙ ሳይገባ ተጋቡ። ከመሄዷ በፊት ድንች እንዴት እንደሚቀቀል አሳየችው። እሱ ውሃው ሲፈላ ላሞቹን ለማየት ወጣና ላሞቹ ደህና ስለነበሩ እዚያው ቆየ። ድንቹ አረረ፤ ያን ድስት ውሻው እንኳ አሽትቶ ዞር አለ።

አትራክታ ከተዳረች ሳምንት ሳይሞላ፣ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የማላኪ ትራክተር ከኮረብታው ወዲያ እየተንገጫገጨ መጥቶ ዩናን ደጅ ቆመ። ማላኪ በባልዲ ድንች ይዞ ወረደ።

«ድንች አመጣሁ» አለ።

«አየሁት» አለች አትራክታ።

«ስንት ሰዓት ነው የምትበሉት?»

«አሁን።»

ገብቶ ተቀመጠ። በማግሥቱም መጣ፤ በማግሥቱም። ለምሳ ወደ ቤቱ ብቅ የሚለው ዩናን ሰላምታ እየሰጠው ጥቂት ቀን ቆየና አንድ ቀን በማዕድ ቤቱ በር በኩል ሹክ አላት፤ «እኔ የምልሽ፣ ያገባሁት አንድ ሰው ነው ሁለት?»

«አንተ ስትመጣ እሱ ነበር» አለችው።

ይሁንና ከሱ ይልቅ የተናደደችው እሷ ነበረች። አንድ ጊዜ ለማላኪ ሩዝ ቀቅላ አቀረበችለት። በላና «ድንቹስ?» አለ። ሌላ ቀን ጎመኑን ሆን ብላ ጨው ነሳችው፤ ዝም ብሎ ጨው አነሳና ነሰነሰበት። ሥጋውን ስታሳርርበት ያረረውን ተከትሎት ለሚመጣው ውሻው ቆርጦ ሰጥቶ የቀረውን በላ። ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ «ሃያ ዓመት ቃል ሳይተነፍስ በላ። አሁን ደግሞ ሰው ቤት መጥቶ ቃል ሳይተነፍስ ይበላል። ጥሩ ነው እንዲለኝ አይደለም የምፈልገው። መጥፎ ነው እንኳ ይበለኝ!»

በዚያ ዓመት መኸር ሳንባዋን ታመመች። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሳ አዘዘ። እኔ ፎቅ ላይ ካለው መኝታ ቤት አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ ትራክተሩ መጣ። በኋላ እንደተነገረኝ፣ ማላኪ ገብቶ ምድጃው ላይ ምንም አለመኖሩን፣ ዩናንም ከታሸገው የመኪናው ዳቦ ፊት ለፊት ተክዞ መቀመጡን አየ። ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ ከላይ ሆነን ሁሉም ይሰማናል።

«ምን ሆና ነው?»

«ሳንባዋ ነው።»

«እህ» አለ ማላኪ። ከዚያ ድስት ሲነሳ ሰማን። ከዚያም ጩኸት።

«አትራክታ!»

«ምን?»

«ሽንኩርት ይላጣል?»

አትራክታ ዓይኖቿን ጨፈነች። «ምን ማለትህ ነው? እስከ ዛሬ ከነልጣጩ ስትበላ ኖረሃል?»

«አላስተዋልኩትም።»

«ይላጣል!»

ወርጄ ልሥራላቸው ብዬ ስነሳ የቀሚሴን እጅጌ ያዘችኝ። «ተቀመጪ» አለችኝ፤ በዚያ ሕመም መሐል ጉልበቷ ገረመኝ።

አሁን የዩናን ድምፅ መጣ። «ሥጋው ከታች ነው ከላይ?»

«ከታች!»

«ውሃውስ እስከ የት?» አለ ማላኪ።

«የላይኞቹ ድንቾች አፍንጫ ብቻ እስኪቀር!»

ቀጥሎ ማላኪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድንች አፍንጫ አለው እንዴ?» ሲል፣ ዩናንም «የኔ እናት ድንች አልነበረውም» ሲለው ሰማን። አትራክታ ስትስቅ ሳሉ ያዛትና ጀርባዋን ደገፍኩት።

«እዚህ ካሮት አለ፤ ላስገባው?» አለ ዩናን።

«ትነካውና!» ብላ እስከ ወገቧ ከአልጋው ተነሳች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ማላኪ ሳህን ይዞ ደረጃውን ወጣ። ከድንቹ ግማሹ ፈርሷል፣ ግማሹ ጥሬ ነው። ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠና ይሄዳል ስንል አልሄደም። በሩ ጋ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ። እሷ ቀመሰች። አኘከች። እንደገና ቀመሰች።

«እ?» አለ።

«ጨው ያንሰዋል።»

«ሌላስ?»

ቀስ ብላ አኘከች፤ አላስቸኮላትም። «ሽንኩርቱ ደህና ነው።»

የማላኪ ጆሮዎች እስከ ጫፋቸው ቀሉ። ወረደ። «ሽንኩርቱ ደህና ነው ብላለች» ሲል ሰማነው።

«የላጥኩት እኮ እኔ ነኝ» አለ ዩናን።

«የከተፍኩት እኔ ነኝ።»

እሷ አልጋ ላይ በቆየችባቸው ሳምንታት ያው የበግ ሥጋ በየቀኑ ተሠራ። ሐኪሙ ሳይቀር ቀምሶ፣ ድንቹ ቢበስል መልካም እንደሆነ አስተያየት ሰጠ።

ተሽሏት ምድጃዋ ፊት ስትመለስ ነገር ሌላ ሆነ። ማላኪ አፍ አወጣ። «ጎመኑ ትናንት ይሻል ነበር» ይላል። «ሥጋው ዛሬ ቶሎ ወጥቷል።» «ቅቤው ምን ሆነ?» አትራክታ ማንኪያዋን እያነሳች፣ «ውጣልኝ ከቤቴ!» ትለዋለች፤ እሱ ተቀምጦ ይጨርሳል። ለኔ ስታማርር ግን ፊቷ ላይ ምሬት አላይም ነበር። አንድ ቀን፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዳቦሽ ተስተካክሏል አለኝ። ተስተካክሏል! መቼ ነው የተንጋደደው?» እያለች እስከ ቤቴ ተከትላኝ መጣች።

ቅዳሜን ግን አልመለሰላትም። የቅዳሜውን የበግ ሥጋ መሥራት የኔ ነው አለ። ዩናን ሽንኩርት ይልጣል፣ ማላኪ ይከትፋል፣ ስለ ውሃው መጠን ይጨቃጨቃሉ። እሷ መጀመሪያ አጠገባቸው ቆማ ለማረም ሞከረች፤ ሁለቱ ወንዶች ተባብረው አስወጧት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌቷ ከመንደሩ በታች ወዳለው ሐይቅ ትወርዳለች። እኔ ጥጃ ጠፍቶኝ ስፈልግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የሹራብ ሥራ አልያዘችም፣ መቁጠሪያ አልያዘችም።

«ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አለማድረግ እየተለማመድኩ ነው» አለች። «እንደምታስቢው ቀላል አይደለም። ነይ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ነፋሱ ከውሃው ላይ ይመጣል፤ ዳክዬዎች ነበሩ። ጥቂት ቆይተን ሁለታችንንም በረደንና ጥጃዬን አብረን ለመፈለግ ተነሳን።