ሁለት መቀመጫ ከሁለት አካውንት

ማይል እንዳለው ለአጎቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከዱባይና ከቻይና ልብስ እያመጣ ድሬዳዋ ውስጥ ያከፋፍላል። ቲኬት የሚቆርጥለት ሰው ከዓመታት በፊት በአየር መንገዱ የደንበኞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶት ኖሮ፣ በበረረ ቁጥር በነጻ ቲኬት የሚለወጥ ማይል ሲጠራቀምለት ቆይቷል። እሱ ግን ከፍቶ አይቶት አያውቅም። አንድ ቀን ስልኩን ሳስተካክልለት አየሁትና አስረዳሁት። አስተማሪ ነኝ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ከፊሉ በወሩ መጨረሻ እንደሚቃጠል ጭምር ነገርኩት።

«ከሚቃጠልማ እህቴን አሳክምበታለሁ» አለ።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ሕመሙ ዓይኗን ስለጎዳው እዚህ ያያት ሐኪም ለአዲስ አበባ ሪፈር ጽፎላት ነበር። ቀጠሮዋ ረቡዕ ነው። አውቶቡስ ላይ ሙሉ ቀን መቀመጥ አትችልም፤ ምግቧና መርፌዋ ሰዓት አላቸው፤ መኪናው ሲቆም ደግሞ መጸዳጃ ቤቱን እንኳ ፈልጋ አታገኝም። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። እኔ ለሥልጠና ስመላለስ የተጠራቀመ፣ ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ የሚበቃ ማይል ነበረኝ። ከእኔ አንድ፣ ከአጎቴ አንድ ቲኬት ከወጣ አብሬያት እሄዳለሁ ማለት ነው። የፈለግኩት ይህን ብቻ ነበር፤ ብቻዋን እንዳትሳፈር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በራስህ ማይል ለሌላ ሰው ቲኬት መቁረጥ ትችላለህ። የሁለት ሰው ማይል ግን አንድ ላይ አይደመርም፤ ከሁለት አካውንት ሁለት የተለያዩ ቲኬቶች ይወጣሉ። ኮምፒውተሩ እናትና ልጅ መሆናችንን አያውቅም። እሷ በአባቷ፣ እኔ በአባቴ ስም ስለምንጠራ ከስማችንም አይገባውም። በማይል የሚሰጠው መቀመጫ ደግሞ በየበረራው ጥቂት ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በማክሰኞ ጠዋት በረራ ሁለት መቀመጫ ቀርቶ ነበር።

መጀመሪያ ያሰብኩት በእኔ ማይል እናቴን፣ በአጎቴ ማይል ራሴን ለማስያዝ ነበር። አጎቴ አልተቀበለም።

«የእኔ ማይል ለእህቴ ነው» አለ። «እህቱን አሳከመ ይባል እንጂ የእህቱን ልጅ አንሸራሸረ ሊባል ነው?»

እሺ አልኩ። በበዓል ማግስት ዘመድ በተሰበሰበበት ተነስቶ እህቱን በአውሮፕላን ልኮ እንደሚያሳክም ተናገረ። እናቴ እያለቀሰች መረቀችው፤ ሌላውም አሜን አለ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከእኔ አካውንት የራሴን ቲኬት ቆረጥኩ። ቀጥዬ ወደ አጎቴ አካውንት ገባሁ። እዚህ ላይ ባለስድስት አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ባለቤቱ ስልክ ይላካል፤ ጊዜውም ቶሎ ያልፋል። ብደውል አያነሳም። ድሬዳዋ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ስልክ የማያነሳ ወንድ የት እንዳለ ይታወቃል። በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግሬ ሳቢያን ሰፈር፣ ቤቱ ሄድኩ።

ሳሎኑ መጋረጃው ተዘግቷል። ሰባት ስምንት ወንዶች ፍራሽ ላይ ተጋድመው ይቅማሉ። ወለሉ ላይ የተጣለው የጫት ገራባ እርጥብ ስለነበር ካልሲዬ ላይ ይለጠፋል። በግማሽ የተጠጣ ሻይ ውስጥ ዝንብ ይንሳፈፋል። ክፍሉ የላብና የታመቀ ቅጠል ሽታ ነበረው። የአጎቴ አንድ ጉንጭ ተወጥሯል፤ የከንፈሩ ጥግ ላይ አረንጓዴ አረፋ ደርቋል።

«መምህር መጣ» አለ። «አቦ ቦታ ስጡት፤ ጠመኔ እንዳያስነካችሁ።»

«ጋሼ፣ ቁጥር ይላክልሃል። ስልክህን እይልኝ።»

«ቁጥሩ ይደርሳል። መጀመሪያ ለጀመዓው ንገር፤ እናትህን ማን ነው የሚያበርራት?»

«አንተ ነህ።»

«አልሰሙም።»

«ጋሼ ነው የሚያበርራት» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ከጎኑ የተጋደመው ወፍራም ጓደኛው ቀና አለ። «ወሪያ መምህር፣ ያንተ ደመወዝስ?»

«የአስተማሪ ደመወዝማ እዚህ ሽንሌ ድረስ ታደርሳለች» አለ አጎቴ። «መልሱን በእግር ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

«ቅጠል ያልያዘ ሰው ቁጥር አይሰጠውም» አለና ሲያሻሸው ከቆየው ላይ አንድ ቀንበጥ ዘረጋልኝ። ጫት አልቅምም። ተቀብዬ አኘኩት። ከምሬቱ ይልቅ የከፋብኝ ከእጁ ላብ የመጣ ሙቀቱ ነው።

ቁጥሩን አስላክሁ። ስልኩን አንስቶ አነበበልኝ፤ ሳስገባው ስልኬ ስህተት ነው አለኝ። ሳቁ ፈነዳ። የመጨረሻዋን አሃዝ ለጨዋታ ቀይሯት ነበር። አዲስ አስላክሁ። «አሁን እውነተኛው ነው» አለ፤ አልነበረም። በሦስተኛው ወፍራሙ ጓደኛው ሌላ ቁጥር እየጮኸ አደናገረኝ። ከዚያ አካውንቱ ለደህንነት ሲባል ለሃያ አራት ሰዓት መታገዱን የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። አነበብኩላቸው።

«ማሽን ጨዋታ አያውቅም» አለ አጎቴ። «ነገ ና።»

«ነገ መቀመጫው ላይኖር ይችላል ጋሼ።»

«አቦ አታካብድ።»

ደጅ ወጥቼ ተፋሁ። ከሱቅ ውሃ ገዝቼ ተጉመጠመጥኩና ጥላው ሥር ቆምኩ። ተማሪዎቼን «እርግጠኛ የሆናችሁበትን ጥያቄ በመጀመሪያ ሥሩ» የምል ሰው ነኝ። በእጄ ባለው ማይል እናቴን አስቀድሜ፣ አጠራጣሪውን ለራሴ መተው ነበረብኝ። የአጎቴ ስም እንዲነሳለት ብዬ የእናቴን ጉዞ በቀልዱ ላይ አንጠለጠልኩት። እዚያው ቆሜ የራሴን ቲኬት ሰረዝኩ፤ ማይሉ ሲመለስልኝ በእሷ ስም ቆረጥኩ።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አጎቴ «ማክሰኞ እህቴን አበርራታለሁ» እያለ ለሰው ሲያወራ ሰማሁት። አካውንቱ ገና እንደታገደ ነበር። ከሰዓት ሲከፈት ለዚያ በረራ በማይል የሚሰጥ መቀመጫ አልቋል። በገንዘብ መግዛት ከአቅሜ በላይ ነው።

ለእናቴ አንድ መቀመጫ ብቻ እንደተገኘ፣ እኔ ሰኞ በአውቶቡስ ቀድሜ እንደምጠብቃት ነገርኳት።

«እጄን ማን ይይዘኛል?» አለች።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚወስዱ ሠራተኞች እንዳሉ፣ መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቋት አስረዳኋት። እንድትደግምልኝም አደረግኩ። ደገመችልኝ።

ማክሰኞ ቦሌ መውጫው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። አንዲት ሠራተኛ እየገፋች አመጣቻት። የመርፌዋን ቦርሳ በሁለት እጇ አቅፋለች። ስጠራት ፊቷን ከጎኔ ወዳለው ዓምድ አዞረች።

«እዚህ ነኝ እማዬ። ፈራሽ?»

«ሲነሳ ፈራሁ። እጄን ወደ ጎን ብሰድ ሰው የለም። ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት።»

በማይል የሚሰጠው መቀመጫ አለቀ ማለት አውሮፕላኑ ሞላ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለሌሎችም አስረድቻለሁ። ያኔ ግን አፌ ውስጥ ምሬት ሞላ።

«ለወንድሜ ደውልልኝ፤ ላመስግነው» አለች።

«እማዬ፣ ቲኬቱ የእሱ አይደለም።» ሁሉንም ነገርኳት። ቅጠሉን ብቻ ተውኩት።

እስክጨርስ ሰማችኝ። «አውቄያለሁ» አለች። «ብርቱካን ሲልክልኝ እንኳ ደረሰሽ ወይ እያለ ሦስት ጊዜ ይደውላል። ሰሞኑን አንዴም አልደወለም።»

«ታዲያ ምኑን ታመሰግኚዋለሽ?»

«ነገ የሚያክሙኝ አንዱን ዓይን ነው። ለሌላው ተመልሼ መምጣቴ ነው። ያንተ ማይል አልቋል አይደል?»

«አልቋል።»

«እንግዲያው ደውል።»

ደወልኩላት። ገና ጠዋት ስለነበር ቶሎ አነሳ። እድሜውን፣ ቤቱን፣ ልጆቹን እየጠራች መረቀችው። ከዚያ ስልኩን ድምፄ ወደመጣበት ዘረጋችልኝ፤ «አንተም አመስግን» አለች።

«መምህር፣ ተመቻት አይደል?» አለኝ።

«ተመችቷታል ጋሼ። እግዚአብሔር ይስጥልን።»

ስልኩን ዘጋሁና ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። ከዚያ የወንበሩን እጀታ ከሠራተኛዋ ተቀበልኩ።