የእህቴ ዓይንና ጥቁር አዝሙድ

ጥቁር አዝሙድን አልከስም። እናታችን ዳቦውም በርበሬውም ውስጥ ትጨምረው ነበር፤ ጉንፋን ሲይዘን አሽታ በጨርቅ እየቋጠረች እንድናሸትተው ትሰጠን ነበር። የምከሰው «የደከመ ዓይን ይመልሳል» ያለውን አፍ ነው።

ታናሽ እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ አዳማ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ዓይኗን ጭጋግ ጭጋግ ሲላት አንድ ቅመም ሻጭ አዝሙድ በማር ለውሳ በባዶ ሆዷ እንድትበላ ነገራት። በላች። በየማለዳውም በር ላይ ቆማ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሚናራ ታያለች።

«ዛሬ ጫፉ ላይ ያለችው ጨረቃ ሳትቀር ታየችኝ፣ እትዬ!»

«ሐኪም ይይሽ።»

«አንቺ ደግሞ! ሐኪም ቢላ ይወዳል።»

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ምስር ስትለቅም በግራዋ ያለውን ሳህን በክርኗ ገፍታ ደፋችው። ሳህን መኖሩንም አላወቀችም። ተጠራጠርኩ። በነጠላዬ ጫፍ ቀኝ ዓይኗን ሸፍኜ ፊት ለፊቷ ማንኪያ ያዝኩ።

«ምን ይታይሻል?»

«መጀመሪያ ነጠላሽን አንሺልኛ።»

«ግራሽን አልሸፈንኩትም።»

 ግራ ዓይኗ ክፍት መሆኑን በጣቷ ዳሰሰች።

ለካ ያን ሁሉ ማለዳ ሚናራውን ሲያይ የኖረው ቀኙ ብቻውን ነው። ምስጋናውን ግን አዝሙዱ ወሰደ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ በእህቴ ዓይን ውስጥ የጨመረው ግፊት የግራውን ነርቭ እንደገደለው፣ የሞተው እንደማይመለስ ነገረችን። ቀኙንም ጀምሮታል፤ ያዘዘችልን ጠብታ ካልተቋረጠ ሊተርፍ ይችላል።

ወደ ሻጩ ሄድኩ።

«እማማ፣ ስንቱ ሰው ተጠቅሞበታል!» አለኝ።

«አንድ ዓይናቸውን ሸፍነህ አይተሃል?»

ገበያተኛው ሳቀ። እሱም ሳቀ።

«ሐኪምም ጋ ሂዱ በላቸው። ይህን ብትል ገበያህ አይዘጋም።»

«እሺ እማማ» አለኝ፤ ገና ፊቴን ሳላዞር ለሌላ ሴትዮ «ለዓይን ፍቱን ነው» ሲል ሰማሁት። ለሴትዮዋ የእህቴን ጉድ ነገርኳት። ከንፈሯን መጠጠችልኝ፤ አዝሙዷንም ገዝታ ሄደች።

ቤት ስመለስ የጠብታው ሰዓት ደርሷል።

«ያቃጥላል። ይቺኛዋንም ቢያጠፋብኝስ?» አለች እህቴ።

«ካልጨመርሽው ነው የምትጠፋው» አልኳትና ራሷን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ጠብታውን ጣልኩላት።

ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ጣሪያውን አየች።

«እትዬ፣ ደመቅ አለልኝ ልበል?»

«አልደመቀም» አልኳት። «አይደምቅምም። የቀረሽ ብርሃን እንዳይሄድ ብቻ ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።