ከኮንትራባሱ ሆድ የወጣችው እንጨት

ገነነን በግራ እጁ ሲበላ ወይም ሲጨብጥ ያየ ሰው የለም። ደጋ ዳሞት፣ ከፈረስ ቤት ወጣ ብላ ካለች መንደር፣ እናቱ ግራ እጁን በነጠላ ጫፍ እያሰረች ነው ያሳደገችው። ግራው የቀረችለት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክር ለመምታት። የአጎቱን ክራር ገልብጦ ሲይዝ ያየ ሁሉ ይስቅ ነበር። ፍኖተ ሰላም ወርዶ፣ ቀን ባጃጅ እየነዳ፣ ቅዳሜና እሁድ በሰርግ ባንድ ቤዝ ጊታር መምታት ሲጀምር ግን የሚስቅበት ቀረ።

ለግራኝ የተሠራ ቤዝ ጊታር በዚያ አገር ከየት ይመጣል? ገነነ የቀኝ ሰው ጊታር ባገኘ ቁጥር ክሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይፈታና ወፍራሙን በቀጭኑ ቦታ፣ ቀጭኑን በወፍራሙ ቦታ አዙሮ ያስራል። ድፍን እንጨት ነውና ጊታሩ ምንም አይሆንም። ይህን ሲያደርግ ኖሯል፤ አንድም ቀን ጉድ አላየም።

ሌላው የሚታወቅበት ነገር ጥርጣሬው ነው። ሻይ አዝዞ ዘወር ካለ ብርጭቆውን በማስቀመጫው ይከድነዋል። ተሳፋሪ ሁለት ጊዜ ካየው በመስታወቱ ሦስት ጊዜ ያየዋል። የባንዱ ልጆች «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ያለው ሰውዬ የገነነ አያት ሳይሆን አይቀርም» እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ግን ከሜዳ አላመጣውም። በልጅነቱ ከሰው ቤት ሲገባ «ይሄ ግራኝ መጣ» እያሉ የወተቱን ቅል ይከድኑበት ነበር። ሲጠረጠር ያደገ ሰው መጠርጠርን ከማን ሊማር ነው?

አምና በጥር ቡሬ ላይ እህል ነጋዴው አቶ ጠሃ አዲስ ሆቴል ሠሩ። የባንዱ መሪና ድምፃዊ ሰብሊ ለምርቃቱ ልትዋዋል ብትሄድ፣ ሰውየው ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ አሳዩዋት።

«ያችን ቆመው የሚመቷትን፣ ሰው የምታክለዋን ጊታር ታመጣላችሁ?»

«ኮንትራባስ ነው የሚባለው ጋሼ።»

«ስሟን እናንተ እወቁት። እኔ እንድትቆም ነው የምፈልግ።»

ባሕር ዳር የአንድ ሆቴል ባንድ ተበትኖ ኮንትራባሱ ከዕቃ ቤት ወድቆ ነበርና ሰብሊ ለምና አገኘችው። ያመጣው የኪቦርድ ተጫዋቹ የእንዳለው አጎት ነው፤ በአይሱዙ። ገነነ ያን ሰሞን እናቱን ለመጠየቅ ፈረስ ቤት ወጥቶ ስለነበር ኮንትራባሱ እንዳለው ቤት አደረ፤ ሰነበተም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ዛሬ ዛሬ ኪቦርድ ካለ የቤዝ ተጫዋች አያስፈልግም የሚሉ ባንዶች በዝተዋል፤ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ቤዙን ይጫወተዋል። እንዳለው ደግሞ ግራ እጁ ቀላል አይደለም። ገነነ ይህን ያውቃል። «ያ ልጅ በግራ እጁ የኔን እንጀራ ይለማመዳል» ይል ነበር ለአክስቱ ለእናኑ። የሚኖረው እሷ ግቢ ነው።

ኮንትራባሱ በእጁ እንደገባ እንደለመደው አደረገ። ክሮቹን ሁሉ ፈታ። ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ብርኩማ ቦታውን ለቆ ዱብ አለ፤ መልሶ አቆመው። ክሮቹን ወደ ግራ አዙሮ አሰረና ቃኘ። ከዚያ ኮንትራባሱን አቅፎ ሊያነሳ ሲል ከሆዱ ውስጥ ድምፅ መጣ። ቋ። ወደ ቀኝ አዘመመው፤ ቋ። ወደ ግራ፤ ቋ።

በመሣሪያው ደረት ላይ እንደ ማጭድ ከተቀረጹት ሁለት ቀዳዳዎች በአንደኛው፣ ኮንትራባሱን ደፍቶ ሲያንገጫግጭ ቆይቶ በሽቦ ጎትቶ አወጣት። አውራ ጣት የምታክል ውፍረት ያላት፣ ከስንዝር ያላለፈች ክብ እንጨት ናት። ሁለቱም ጫፎቿ በጥንቃቄ ሰያፍ ተቆርጠዋል። ጎኗ ላይ በእርሳስ የማይነበብ የባዕድ ጽሕፈት አለ።

«ኧረ ጉድ ፈላ!» አለች እናኑ አማትባ። «በእጅህ አትያዛት ልጄ! ይኸ የሰው ሥራ ነው። ዕቃው ማን ቤት ነው የሰነበተ?»

«እንዳለው ቤት።»

«እህ! እኔ ምን ልበል እንግዲህ? አፌን ዘግቻለሁ።»

«እርስዎ ደግሞ አፍዎን ሲዘጉ መንደሩ ሁሉ ይሰማል።»

«ተው ቀልዱን! እጅህን ሊያስሩብህ ነው። ወስደህ ከወራጅ ውኃ ጣላት፤ ስትመለስ ወደ ኋላህ እንዳትዞር።»

ባጃጁን አስነስቶ ላህ ወንዝ ወረደ። በቀኙ ወረወራት፤ ግራውን ለእንዲህ ያለ ነገር አያውላትም። አንገቱ እስኪደርቅ ፊት ፊቱን እያየ ተመለሰ።

በማግሥቱ ልምምድ ላይ ግን ኮንትራባሱ ዝም አለ። ይመታል፤ ድምፁ ከሆዱ አይወጣም። ጉሮሮውን የታመመ ሽማግሌ ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚናገር ይመስላል። ገነነ ጣቶቹ እስኪላጡ ጎተተ። ሰብሊ ማይኩን ከአፏ አውርዳ አየችው።

«ገኔ፣ ምን ሆነህብኛል?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። ምን እንደተደረገ የሚያውቅ ያውቃል።»

ልምምድ ሲያበቃ ባንዱ እንደ ልማዱ በአንድ ትሪ ቀረበ። እንዳለው ነገሩን ለማለስለስ ይሁን ልማድ ሆኖበት፣ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልሎ ወደ ገነነ አፍ ዘረጋ። ገነነ ፊቱን አዞረ። ጉርሻው በአየር ላይ ቀረ።

«ምነው?» አለ እንዳለው።

«ከኮንትራባሱ ሆድ ያገኘሁት ይበቃኛል። የኔን ሆድ ተወው።»

እንዳለው ጉርሻውን ቀስ ብሎ ወደ ትሪው መለሰ። «እኔን ነው መተተኛ የምትለኝ? ከአንድ ትሪ ስንበላ ኖረን?»

«ስም አልጠራሁም።»

«መጥራትማ አክስትህ ጠርተው ጨርሰዋል። ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ለእናቴ ሰላምታ ነፍጋ አለፈች።» ተነስቶ ወጣ።

ሰብሊ እጇን ሳትታጠብ ፈረደች። «ስማ፣ ቅዳሜ ቡሬ ነን። ያ ዕቃ እስከዚያ ካልተናገረ፣ ለታይታ አቁመነው ቤዙን እንዳለው በኪቦርዱ ይሸፍነዋል። አንተም ታርፋለህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ እናያለን።»

«ከዚያ ወዲያ እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ገነነ አልጠፋውም። ይኸው፣ የፈራው ደረሰ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እሱ ጠርጥሮም ሊመነጠር ነው።

ቤቱ ገብቶ አሰበ። አንዲት እንጨት ጥሎ ካልተፈታ ሁለተኛ አለች ማለት ነው። የስልኩን መብራት በአንዱ ቀዳዳ ሰደደና በሌላው አጮለቀ። ውስጡ የዓመታት አቧራ ለብሷል። ጥግ ጥጉን ፈተሸ፤ ክታብም የለ፣ ቋጠሮም የለ። ከኋላ በኩል ባለው ገጽ ላይ ግን አቧራ ያልነካው አንድ ክብ ቦታ አየ። አውራ ጣት ያክላል። ስልኩን አሾልኮ ወደ ላይ ፎቶ አነሳ፤ ከደረቱ ውስጠኛ ገጽም ልክ ያን የሚመስል ክብ አለ፣ ትይዩ ለትይዩ። ከብርኩማው እግር ሥር ደግሞ ደረቱ ጎድጎድ ማለት ጀምሯል።

ገነነ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጎጆ ቤት ተወልዶ ምሰሶ የማያውቅ የለም። እንጨቷ ከገባች ሰንብታለች፤ ከደረት ወደ ጀርባ ቆማ ክሮቹ ሲጫኗት ነበር ጸንታ የምትኖረው። ክሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ የፈታው፣ ያስለቀቃትም ማንም አይደለም፤ እሱ ራሱ ነው። የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ ለላህ ወንዝ ሰጥቷል። በምሰሶዋ ደግሞ ሰው አምቷል።

እንዳለው ለሰው ፍላሽ ላይ ዘፈን ከሚጭንባት ሱቁ ውስጥ ነበር። ገነነ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገረው፤ ፎቶውንም አሳየው። እንዳለው ፎቶውን አገላብጦ አየና ስልኩን መለሰለት።

«ወንዝ ወረወርካት?»

«አዎ።»

«ወደ ኋላም አልዞርክ?»

«አልዞርኩም።»

«ብትዞር ኖሮ እያየችህ ስትስቅ ታገኛት ነበር።» እሱ ግን አልሳቀም። «እናቴን ምን ልበላት?»

«እኔ መጥቼ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። እትዬ እናኑንም ይዤ።»

«እሳቸውን አስቀድማቸው። ወሬው በወጣበት በር ይግባ።»

በነጋታው ገነነና እናኑ የእንዳለውን እናት ይቅርታ ጠይቀው ሲወጡ፣ እንዳለው ከፈረሰ አጥር የቆየ የጽድ እንጨት ይዞ ገነነን ተከተለው። ገነነ በሆዱ፣ ቅዳሜ የኔን ቦታ የሚወስድ ሰው ለምን ያግዘኛል? አለ። እንጨቱን አሸተተው። እንዳለው አየው።

«ጽድ ነው። ደግሞ ጠረጠርክ?»

«የእጄ ልማድ ነው።»

«አፍንጫህ እኮ ነው ያሸተተው!»

ጠረቡ፤ ረዘመ። ደግመው ጠረቡ፤ አጠረና ወደቀ። ሦስተኛዋን በተቆለመመ ሽቦ ወግተው ሊያስገቡ ሲሉ ገነነ እንዳለውን ያዘው። የድሮዋ ምሰሶ ትቆም የነበረው ከቀጭኑ ክር በኩል ነበር። እሱ ክሮቹን ስላዞረ ቀጭኑ ክር አሁን በሌላው ወገን ነው። «በኔ በኩል፣ ከቀጭኑ ክር ሥር አቁማት» አለ። ብርኩማውን ደግፈው ክሮቹን አንድ በአንድ አጠበቁ። ገነነ ወፍራሙን መታው። ወለሉ ተርገፈገፈ። እንደ ድሮው ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም፤ ውስጡ የቀረው ሌላው ሥራ አሁንም ለቀኝ ሰው እንደተሠራ ነው። ግን ተናገረ።

ሰብሊ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «ቅዳሜ ቤዙ ያንተ ነው» አለችው።

ቡሬ ላይ አቶ ጠሃ ኮንትራባሱን ዞረው አዩ፤ ገነነን ደግሞ ከላይ እስከ ታች አዩት። «በስልክ ያየሁት ሰውዬ በቀኙ ነበር የሚመታ። ይቺ ተገልብጣብኝ እንዳይሆን?»

«የለም ጋሼ፣ ቆማለች» አለ እንዳለው ከኪቦርዱ ኋላ። ሙሉውን ምሽት ግራ እጁን ወደ ወፍራሞቹ ድምፆች አልሰደዳትም።

ሲጨርሱ ትሪ ቀረበ። ገነነ እጁን ታጥቦ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ፤ በቀኙ፣ እናቱ እንዳስተማረችው። ወደ እንዳለው ዘረጋ። እንዳለው አፉን ገጥሞ ወደ ገነነ ግራ እጅ ጠቆመ።

«በዚያችኛዋ።»

«ኧረ ነውር ነው! ሰው ያየናል።»

«መተት የተደረገባት እሷ አይደለችም? ባፌ ልፍታት። በግራህ አጉርሰኝ።»

ሰብሊ ሳቋን ለቀቀችው። ገነነ ግራና ቀኝ አየ፣ ተነስቶ ግራ እጁን ታጠበ። በአደባባይ ግራውን ወደ ምግብ ሲሰድ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ጉርሻውን ጠቅልሎ ዘረጋ። እንዳለው አንጓውን ያዘና ጉርሻውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ከላይም ከታችም መረመረው።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለ ገነነ።

«ስንጥር» አለና ጎረሰው።